አበባን በትንሽ ካሜራ በቅርብ ስለ ማንሣት

ክረምቱ አልፎ የመስከረም ወር ሲገባ በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች መስኩና ተረተሩ የአደይ አበባን ቢጫ ይለብሳል። ይህ አበባ በየዓመቱ የሚታየው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ስለሆነ፣ ካሜራ ያለው ሰው ሁሉ ውበቱን በፎቶግራፍ ለማስቀረት ይሞክራል። መስኩን በሙሉ ከሩቅ ያነሣ እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይሳካለታል። አንዲቱን አበባ ለይቶ በቅርብ ለማንሣት ጐንበስ ያለ እንደሆነ ግን ውጤቱ ያሳዝነዋል፤ በፎቶግራፉ ላይ ከበስተኋላ ያለው ሣር ጥርት ብሎ ሲታይ አበባው እንደ ቢጫ ደመና ደብዝዞ ይገኛል። ብዙ ሰዎች ይህን ሲያዩ በካሜራው ያሳብባሉ፤ «ካሜራዬ ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል» ይላሉ። ይህ አባባል ጥቂት እውነት ቢኖረውም በአብዛኛው የተሳሳተ ነው። አበባን በቅርብ ለማንሣት ትንሽ ካሜራ አያንስም። የሚያስፈልገው የካሜራውን ልክ ማወቅ፣ ማለትም ከምን ያህል ርቀት ወዲህ ያለውን ነገር አጥርቶ ለማየት እንደማይችል መርምሮ መረዳት ነው።

የመደብዘዙን ምክንያት ለመረዳት ከገዛ ዐይናችን እንነሣ። አንድ ዐይናችንን ጨፍነን ጣታችንን ከፊታችን አርቀን ብንይዝ በጣታችን ላይ ያሉት መስመሮች በግልጽ ይታያሉ። ጣታችንን ቀስ በቀስ ወደ ዐይናችን ስናስጠጋ ግን መስመሮቹ መደብዘዝ የሚጀምሩበት አንድ ርቀት ላይ እንደርሳለን። ከዚያ ወዲህ የቱንም ያህል ብንጥር ጣታችንን አጥርተን ለማየት አንችልም። ይህ ርቀት በወጣቶች ዘንድ አጭር ሲሆን በዕድሜ በገፉ ሰዎች ዘንድ ረዘም ያለ ነው፤ አረጋውያን መነጽር ሳያደርጉ መጽሐፍ ሲያነቡ እጃቸውን ዘርግተው የሚይዙት ስለዚህ ነው።

ካሜራም እንዲሁ ነው። በካሜራው ፊት የሚገኘው ሌንስ ከአንድ ነገር ላይ ነጥረው የሚመጡትን የብርሃን ጨረሮች ሰብስቦ ከበስተኋላው ባለው ፊልም ላይ፣ በዲጂታል ካሜራም ብርሃን በሚቀበለው ትንሽ ገበታ ላይ ያሳርፋቸዋል። ነገሩ ሩቅ በሆነ ጊዜ ጨረሮቹ ወደ ሌንሱ የሚደርሱት ጎን ለጎን እንደሚሄዱ ያህል ሆነው ስለሆነ ሌንሱ ወዲያው ይሰበስባቸዋል። ነገሩ ሲቀርብ ግን ጨረሮቹ እየተበተኑ ይመጣሉ፤ ሌንሱም እነርሱን አገናኝቶ ለማሳረፍ ከበስተኋላው ይበልጥ ረጅም ቦታ ይፈልጋል። ገበታው ግን በቦታው የተተከለ ነው። ስለሆነም ጨረሮቹ ገና ሳይገናኙ ገበታውን ያገኙታል፤ ነጥብ መሆን የነበረበት ሁሉ ትንሽ ክብ ይሆናል፤ ክቦቹም እርስ በርሳቸው ሲደራረቡ ምስሉ ይደበዝዛል። ይህን ለማረም ሌንሱን ከገበታው ራቅ አድርጎ ወደ ፊት መግፋት ያስፈልጋል። በዛሬው ጊዜ ያሉት አብዛኞቹ ካሜራዎች ይህን በራሳቸው ያደርጋሉ፤ ይሁን እንጂ ሌንሱ የሚሄድበት መንገድ መጨረሻ አለው። ከመጨረሻው ከደረሰ በኋላ ካሜራው ከዚያ ይበልጥ የቀረበውን ነገር ለማጥራት አይችልም።

በቀድሞው ዘመን የተሠሩት ቀላል ካሜራዎች ሌንሳቸው ጨርሶ አይንቀሳቀስም ነበር። ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1900 እ.ኤ.አ. ብራውኒ የሚባለውን የሣጥን ካሜራ በ1 ዶላር መሸጥ ሲጀምር ፎቶግራፍ ማንሣት ለብዙ ሰው የሚቻል ሆነ። ነገር ግን ይህም ሆነ ከእርሱ በኋላ የወጡት ርካሽ ካሜራዎች የተሠሩት ለቤተሰብና ለአገር መልክ ስለነበር ከ1 ሜትር ወዲህ ያለውን ነገር አያጠሩም ነበር። በኋላ የመጣው ትንሹ ዲጂታል ካሜራ ይህን ችግር በእጅጉ አቃልሎታል። በአብዛኞቹ ትንንሽ ዲጂታል ካሜራዎች ላይ የአንዲት አበባ ምልክት ያለበት ቁልፍ ይገኛል። ይህ ምልክት ብዙ ባለቤቶች ሳይነኩት የሚቀር ቢሆንም ለጉዳያችን ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። ቁልፉ ሲጫን ካሜራው ማክሮ ወደሚባለው የአሠራር ዘዴ ይገባል፤ ሌንሱም ለቅርብ ነገር እንዲዘጋጅ ይታዘዛል። ብዙዎቹ በዚህ ዘዴ ከ5 ሴንቲሜትር፣ አንዳንዶቹም ከ1 ሴንቲሜትር ላይ ሆነው ሊያጠሩ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ካሜራው ዙም ያለው እንደሆነ፣ አበባውን ለማጉላት ሲባል ዙሙን እስከ መጨረሻው መሳብ ጠቃሚ ይመስላል። ነገር ግን ከላይ የተጠቀሰው አጭር ርቀት የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ ዙሙ ጨርሶ ባልተሳበ ጊዜ ብቻ ነው። ዙሙ በተሳበ መጠን ካሜራው የሚያጠራበት ቅርብ ርቀት እየረዘመ ሄዶ 30 ወይም 50 ሴንቲሜትር፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ዙሙን ስቦ ወደ አበባው የሚጠጋ ሰው ካሜራው የማይችለውን እንዲያደርግ እየጠየቀ ነው ማለት ነው።

የአንድን ካሜራ ልክ ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ጋዜጣ በጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ማስመሪያ በአጠገቡ አቁሞ፣ በመጀመሪያ ከ50፣ ቀጥሎ ከ30፣ ከ20፣ ከ10፣ በመጨረሻም ከ5 ሴንቲሜትር ላይ ፊደሎቹን ማንሣት ነው። በየጊዜው የተነሡት ፎቶግራፎች ጐልተው ሲታዩ ፊደሎቹ መደብዘዝ የጀመሩበት ርቀት የካሜራው ድንበር ይሆናል። ዙሙን ሳይስቡና ስበው፣ የአበባውን ቁልፍ ተጭነውና ሳይጫኑ ፈተናውን መድገም ይገባል። ውጤቱን በማስታወሻ ደብተር ላይ የጻፈ ተማሪ ከካሜራው ጋር ከመጣው የመመሪያ መጽሐፍ የማይተናነስ ዕውቀት አለው። የእጅ ስልክ ካሜራም በዚሁ ዘዴ ሊፈተን ይችላል።

ካሜራው የአበባ ምልክት የሌለው ወይም ድንበሩ ሩቅ የሆነ እንደሆነስ? እንዲህ በሚሆንበት ጊዜ ቀረብ ያለውን ለማየት ለካሜራው መነጽር ማድረግ ይቻላል። መነጽር ማለታችን በሳይንስ ክፍል ውስጥ ወይም በጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የሚገኘው አጉሊ መነጽር ነው። አጉሊ መነጽሩ በካሜራው ሌንስ ፊት ተጠግቶ ሲያዝ የተበተኑትን ጨረሮች አስቀድሞ ጎን ለጎን እንዲሄዱ ስለሚያደርጋቸው ለካሜራው ከሩቅ የመጡ ይመስሉታል። በዚህ ጊዜ አበባው የሚቀመጥበት ትክክለኛ ቦታ የአጉሊ መነጽሩ የትኩረት ርቀት ነው። ይህም ርቀት በፀሐይ ይለካል። አጉሊ መነጽሩን በፀሐይና በአንድ ነጭ ወረቀት መካከል ይዞ የፀሐይዋ ምስል በወረቀቱ ላይ ከሁሉ ይበልጥ ትንሽ ነጥብ እስክትሆን ድረስ ማራቅና ማቅረብ፣ ከዚያም ከመስተዋቱ እስከ ወረቀቱ ያለውን ርቀት በማስመሪያ መለካት ነው። ወረቀቱ እሳት ሊይዝ ስለሚችል በቶሎ መለካት፣ በአጉሊ መነጽርም ሆነ በካሜራ ቀዳዳ ፀሐይን በቀጥታ ፈጽሞ አለመመልከት ያስፈልጋል። ዐይን እንዲህ ባለው መንገድ ለዘለቄታው ሊጐዳ ይችላል።

የመነጽር ሠሪዎች የመስተዋትን ኃይል የሚለኩት ዳዮፕተር በሚባል መለኪያ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 1 ሜትርን ለዳዮፕተሩ ቁጥር ማካፈል ነው። ባለ 2 ዳዮፕተር መስተዋት የትኩረት ርቀቱ 50 ሴንቲሜትር፣ የባለ 3ቱ 33 ሴንቲሜትር ያህል፣ የባለ 4ቱ 25 ሴንቲሜትር ነው። እንግዲህ ሩቅ ለማየት በተስተካከለ ካሜራ ፊት ባለ 4 ዳዮፕተር መስተዋት ቢያዝ አበባው ከመስተዋቱ 25 ሴንቲሜትር ርቆ መገኘት አለበት ማለት ነው። ሌንሱ የማይንቀሳቀስ ካሜራ ብዙውን ጊዜ የተስተካከለው ጥቂት ሜትር ርቆ ላለ ነገር ስለሆነ ከዚህ ርቀት ትንሽ መቀነስ ይገባል። ርቀቱን በየጊዜው ከመለካት ይልቅ በዚያው ልክ የተቆረጠ ክር ከካሜራው ጋር አስሮ መያዝ ሥራውን ያፋጥናል። መልካም አጉሊ መነጽር እንኳ በምስሉ ጠርዝ አካባቢ ትንሽ ማደብዘዙ ስለማይቀር አበባውን ከመካከል ማድረግ ይሻላል።

የፊልም ካሜራ የሚጠቀም ሰው አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በቀላል የፊልም ካሜራ ላይ ዐይን የሚመለከትበት ትንሽ መስኮት ከሌንሱ በላይ ወይም በስተጎን ስለሚገኝ ዐይንና ሌንስ አንድ ዐይነት ነገር አያዩም። ነገሩ ሩቅ ሲሆን ልዩነቱ አይታወቅም፤ በቅርብ ግን በመስኮቱ ሙሉ ሆና የታየችው አበባ በፎቶግራፉ ላይ ራስዋ ተቆርጦ ልትገኝ ትችላለች። በዲጂታል ካሜራ በስተጀርባው ባለው ገጽ ላይ የሚታየው ሌንሱ ራሱ ያየው ስለሆነ ይህ ችግር የለም።

አሁን ካሜራው ለመቅረብ ቻለ እንበል። ይሁን እንጂ በጣም መቅረብ ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም፤ እንዲያውም አምራቾቹ እንደ ትልቅ ነገር የሚያስታውቁት የ1 ሴንቲሜትር ርቀት ለአበባ የሚጠቅምበት ጊዜ ጥቂት ነው። ካሜራው ከአበባው ላይ ሲደፋ የራሱ ጥላ ብርሃኑን ይጋርዳል፤ በአበባው ላይ ያረፈችው ንብ ትሸሻለች፤ ወደ ሌንሱ የቀረበው ቅጠል ከሌሎቹ ይልቅ ገዝፎ የአበባው መልክ ይዛባል። ከ8 እስከ 15 ሴንቲሜትር ርቆ ማንሣትና ከዚያ በኋላ አላስፈላጊውን ጠርዝ ቆርጦ መጣል የተሻለ ነው።

ነገር በቀረበ መጠን ጠርቶ የሚታየው ክፍል እየሳሳ ይሄዳል። ከ3 ሜትር ላይ የተነሣ ሰው ከአፍንጫው እስከ ጆሮው፣ ከእርሱም ኋላ ያለው ግድግዳ ሳይቀር ሊጠራ ይችላል፤ በቅርብ በተነሣች አበባ ግን ጠርቶ የሚታየው ውፍረት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የአበባዋ መካከል ሲጠራ የፊተኛው ቅጠል ይደበዝዛል። በዚህ ረገድ ትንሹ ካሜራ ከትልቁ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይደለም። ብርሃን የሚቀበለው ገበታው ትንሽ፣ የሌንሱም የትኩረት ርቀት አጭር ስለሆነ፣ አንዲቱ አበባ በእኩል መጠን በሁለቱም ብትነሣ ብዙውን ጊዜ በትንሹ ካሜራ ጠርቶ የሚታየው ክፍል ወፈር ያለ ነው። ባለሙያው በትልቅ ካሜራና በውድ ሌንስ ለማግኘት የሚደክምለትን ነገር ትንሹ ካሜራ በተፈጥሮው ይሰጣል።

ያም ሆኖ ይህን ስስ ክፍል በአግባቡ ለመጠቀም መወሰን ያስፈልጋል። እንደ አደይ አበባ ጠፍጣፋ የሆነውን አበባ ከፊት ለፊቱ ትይዩ ሆኖ ማንሣት ቅጠሎቹን ሁሉ በአንድ ርቀት ላይ ያደርጋቸዋል። እንደ ደወል ወይም እንደ ጽዋ የጎደጐደውን አበባ ግን ከጎኑ ማንሣት ይመረጣል። ካሜራው ከቀጭኑ አበባ ይልቅ ከኋላ ያለውን ሣር መርጦ የሚያጠራበት ጊዜም ብዙ ነው። መድኃኒቱ መዳፍን ከአበባው አጠገብ በተመሳሳይ ርቀት ዘርግቶ፣ የማንሻውን ቁልፍ በግማሽ ተጭኖ ካሜራው መዳፉን እንዲያጠራ ማድረግ፣ ከዚያም ቁልፉን ሳይለቁ እጅን አንሥቶ እስከ መጨረሻው መጫን ነው።

በቅርብ ሲነሣ ትንሹ እንቅስቃሴ ሁሉ ይጐላል። አደይ አበባ ረጅምና ቀጭን አገዳ ስላለው በለሆሳስ የሚነፍስ ነፋስ እንኳ ያወዛውዘዋል። ነፋስ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ቀኑ እየሞቀ ሲሄድ ስለሆነ ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ለዚህ ሥራ ይመረጣል፤ በዚያን ሰዓት ጤዛው ገና በአበባው ላይ ስለሚገኝ ሥዕሉ ሌላ ውበት ይጨመርለታል። ነፋስ ሲያስቸግር ደብተርን ወይም ካርቶንን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አቁሞ መጋረድ፣ ወይም አገዳውን ከሌንሱ ዕይታ ውጪ በቀጭን እንጨት ደግፎ በክር ላላ አድርጎ ማሰር ይቻላል። አበባውን ቀጥፎ ወደ ቤት መውሰድ ግን አይመከርም፤ ወዲያው ይጠወልጋል፣ መስኩም ያለ አበባ ይቀራል።

የእጅም መንቀጥቀጥ ከነፋስ አያንስም። ባለሦስት እግር ማቆሚያ የሌለው ሰው በአሸዋ ወይም በባቄላ የተሞላች ትንሽ ከረጢት በመሬት ላይ አስቀምጦ ካሜራውን በእርስዋ ላይ ቢያስደግፍ ያው ነው። ካሜራው ራሱን በራሱ የሚያነሣበት የሰዓት መቆጣጠሪያ ካለው በ2 ሴኮንድም ሆነ በ10 ሴኮንድ እንዲያነሣ ማዘዝ ጣት ቁልፉን ሲጫን የሚፈጥረውን ንቅናቄ ያስወግዳል።

ከርቀት ቀጥሎ ትልቁ ነገር ብርሃን ነው። የእኩለ ቀን ፀሐይ ለአበባ ጠላት ናት ለማለት ያስደፍራል፤ ከላይ በቀጥታ ስለምትወርድ በቅጠሎቹ መካከል ጥቁር ጥላ ትጥላለች፣ ላያቸውንም ታነጣዋለች። ሰማዩ በስስ ደመና የተሸፈነበት ቀን ብርሃኑ ከሁሉ አቅጣጫ ለስልሶ ስለሚመጣ ተመራጭ ነው። ደመና በሌለበት ቀን ሁለት ተማሪዎች ነጭ ነጠላ ከአበባው በላይ ወጥረው ቢይዙ ተመሳሳይ ብርሃን ይገኛል። አንዱ ወገን ከጨለመ በዚያ በኩል ነጭ ወረቀት አስጠግቶ ብርሃን እንዲያንጸባርቅ ማድረግ ነው። በካሜራው ላይ ያለው ፍላሽ ግን በቅርብ ርቀት አይጠቅምም፤ ብርሃኑ ለጥቂት ሜትር የተመጠነ ስለሆነ አበባውን አመድ አስመስሎ ያነጣዋል፣ ወይም የሌንሱን ቱቦ ጥላ በአበባው ላይ ያሳርፋል። ማጥፋቱ ይሻላል።

ቢጫ አበባ በተለይ ያስቸግራል። ካሜራው ቀለምን የሚመዘግበው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ከፋፍሎ ነው። ቢጫ የቀይና የአረንጓዴ ብርሃን ድብልቅ ስለሆነ ሁለቱ ክፍሎች ቶሎ ይሞላሉ፤ ከሞሉ በኋላ በቅጠሉ ላይ ያሉት ስስ መስመሮች ጠፍተው ቅጠሉ እንደ ተቀባ ወረቀት ሜዳ ይሆናል። በዚያ ላይ ካሜራው የጨለመውን ሣር አይቶ «ብርሃን አነሰ» ብሎ ስለሚጨምር ነገሩ ይባባሳል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን መቆጣጠሪያ ወደ መቀነስ አንድ ወይም ሁለት እርምጃ መመለስ ያስፈልጋል። ሥዕሉ በመጀመሪያ ዕይታ ትንሽ የጨለመ ቢመስልም መስመሮቹ ይገኛሉ።

እነዚህ መስመሮች የሚፈለጉት ለጌጥ ብቻ አይደለም። በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ ቢደንስ ማክሮፕቴራ ተብሎ የሚጠራው አደይ አበባ ከኑግና ከሱፍ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። በዚህ ቤተሰብ እኛ «አንድ አበባ» የምንለው በእውነቱ አንድ አበባ አይደለም። በቅርብ የተነሣውን ሥዕል አጉልቶ የተመለከተ ተማሪ ከመካከል ያለው ቢጫ ክብ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ወንዴና ሴቴ ክፍል ያላቸው ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ መሆኑን ያያል። በዙሪያው ያሉት ሰፋፊ «ቅጠሎች»ም እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አበባ ናቸው፤ ሥራቸው በአብዛኛው ነፍሳትን መጥራት ነው። የመካከለኞቹ የሚፈኩት ሁሉም ባንድ ጊዜ ሳይሆን ከዳር ጀምሮ ወደ መካከል እየተከታተሉ ነው። አንዲቱን አበባ ከአንድ ቦታ ላይ ሆኖ ለተከታታይ ቀናት ያነሣ ሰው ይህን ጉዞ በፎቶግራፎቹ ላይ ሊከተል ይችላል፤ በባዶ ዐይን ግን ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በአደይ አበባ መካከል ተመላልሶ ሳያየው ይቀራል።

በጀርመን አገር የሥዕልና የቅርጽ ጥበብ መምህር የነበረው ካርል ብሎስፌልት ራሱ በሠራው ካሜራ ዕፀዋትን እስከ 30 እጥፍ አጉልቶ ያነሣ ነበር። ሥራው በ1928 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ሲወጣ ሰዎች በየመንገዱ ዳር የሚረግጧቸው አረሞች የብረት አጥርና የሕንጻ ጌጥ መስለው ስለታዩአቸው ተደነቁ። ብሎስፌልት ያነሣቸው ነገሮች ብርቅ አበቦች አልነበሩም፤ ለተማሪዎቹ ማስተማሪያ እንዲሆኑ ብሎ የሰበሰባቸው ተራ ዕፀዋት ነበሩ።

ፎቶግራፉ ለዕውቀት እንዲያገለግል ከተፈለገ ግን የአበባው ፊት ብቻ አይበቃም። የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፀዋት የሚዘረዝረው ባለ 8 ጥራዝ መጽሐፍ ከ1989 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት የታተመ ሲሆን ወደ 6000 የሚጠጉ የዕፀዋት ዐይነቶችን ይዟል። ከእነዚህ መካከል ቢጫና ክብ አበባ ያላቸው ብዙ ናቸው። ኑግና አደይ አበባ ከሩቅ ሲታዩ ይምታታሉ፤ ቅጠላቸው ግን ይለያቸዋል። የኑግ ቅጠል ያልተከፋፈለና ረዘም ያለ ሲሆን የአደይ አበባ ቅጠል የተሸነሸነ ነው። ስለሆነም የአበባውን ፊት፣ ጎኑንና ጀርባውን፣ ቅጠሉ ከአገዳው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ እንዲሁም ተክሉን በሙሉ አከታትሎ ማንሣትና ቀኑንና ስፍራውን መጻፍ ይገባል። በአንዱ ፎቶግራፍ ላይ ማስመሪያ ከአበባው አጠገብ ቢታይ መጠኑን ለማወቅ ይረዳል።

አበባው ከረገፈ በኋላ አብዛኛው ፎቶግራፍ አንሺ ፊቱን ያዞራል። ይሁንና ቢደንስ የሚለው የላቲን ስም «ባለ ሁለት ጥርስ» ማለት ሲሆን የወጣው ከፍሬው ነው። በመንገድ ዳር የሚበቅለውና በአንዳንድ ስፍራ የሰይጣን መርፌ የሚባለው ዘመዱ በልብስ ላይ የሚሰካው በእነዚህ ጥርሶች ነው። ማክሮፕቴራ ደግሞ በግሪክኛ «ባለ ትልቅ ክንፍ» ማለት ነው። ክንፉን ለማየት የሚሻ ሰው በመስከረም ያነሣውን ተክል ቦታ በምልክት ለይቶ፣ ፍሬው በደረቀ ጊዜ ካሜራውን ይዞ ይመለስ። ፍሬው ጥቁር ወረቀት ላይ ከተነሣ ጠርዙ እንዳይጠፋ ወረቀቱን ትቶ በነጭ ወረቀት ላይ፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣለት አድርጎ ያንሣው።